ኧርነስት ሄሚንግዌይና አንባብያንን ለሁለት የከፈለው መጽሐፉ

አንድ መጽሐፍ ታትሞ በወጣ ጊዜ ያነበበው ሁሉ በአንድ አፍ ካመሰገነው፣ ብዙውን ጊዜ ሳይቆይ ይረሳል። አንዱ ሲያመሰግነው ሌላው የሚያወግዘው፣ አንዱ ሲያለቅስበት ሌላው የሚቆጣበት መጽሐፍ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1929 ያሳተመው የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ ከእንደዚህ ያሉት መጻሕፍት አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ ከታተመ ከዘጠና ዓመት በላይ ቢያልፈውም ክርክሩ አልበረደም። ክርክሩን ለመረዳት ደግሞ የደራሲውን ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ መጽሐፉንና ሰውዬውን አንድ አድርገው ያዩአቸዋልና።

የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ስንብት ለጦር መሣሪያ» ማለት ይሆናል። ነገር ግን በእንግሊዝኛው ርእስ ውስጥ ያለው አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ የጦር መሣሪያም ማለት ነው፣ ክንድም ማለት ነው። ስለዚህ ርእሱ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ለማለት ይቻላል። ሰሙ ከጠመንጃ መለየት ሲሆን ወርቁ ከሚወዱት ሰው እቅፍ መለየት ነው። ደራሲው ይህን ርእስ የወሰደው ጆርጅ ፒል ከተባለው የ16ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊ ባለቅኔ ግጥም ነው።

መጽሐፉን ላላነበቡ ታሪኩን በአጭሩ እንንገር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መቶ አለቃ ፍሬድሪክ ሄንሪ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በኢጣልያ ጦር ውስጥ የቁስለኛ ማመላለሻ አምቡላንሶች ኃላፊ ሆኖ ያገለግላል። በዚያም ካተሪን ባርክሌ ከምትባል እንግሊዛዊት አስታማሚ ጋር ይተዋወቃል። እጮኛዋ በሶም ጦር ሜዳ ሞቶባት ልቧ የተሰበረ ሴት ናት። ወጣቱ በመጀመሪያ ፍቅሩን እንደ ካርታ ጨዋታ ይቆጥረዋል፤ ቆስሎ በሚላኖ ሐኪም ቤት በተኛ ጊዜ ግን ጨዋታው ቀርቶ እውነተኛ ፍቅር ይሆናል። እርሷ ታረግዛለች፣ እርሱ ወደ ግንባር ይመለሳል። ወዲያውም የኢጣልያ ጦር በካፖሬቶ ይሰበርና በዝናብና በጭቃ ውስጥ ወደ ኋላ ይሸሻል። በታሊያሜንቶ ወንዝ ድልድይ ላይ የጦር ሜዳ ፖሊሶች ከጦራቸው የተለዩትን መኮንኖች እየለዩ ሲረሽኑ ፍሬድሪክም ይያዛል፤ ተራው ሳይደርስ ወንዙ ውስጥ ዘሎ ያመልጣል። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ የእርሱ አይደለም። ከካተሪን ጋር በትንሽ ታንኳ ሌሊቱን ሙሉ እየቀዘፉ ወደ ስዊስ ይሻገራሉ። እዚያም ጥቂት ወራት በሰላም ይኖራሉ፤ በመጨረሻው ግን ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል፣ እናቲቱም ደም ፈስሷት ትሞታለች። ፍሬድሪክ ብቻውን በዝናብ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። መጽሐፉ በዚህ ያልቃል።

እንግዲህ የክርክሩ ነጥቦች አራት ናቸው። መጽሐፉ ነውረኛ ነውን? ባለታሪኩ ፈሪ ነውን? ካተሪን በእውነት ያለች ሴት ናት ወይስ የወንድ ምኞት የፈጠራት? መጨረሻውስ ያለ ምክንያት የጨከነ ነውን? ወደነዚህ ከመግባታችን በፊት ወደ ደራሲው ሕይወት እንለፍ።

የሐኪሙ ልጅ

ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1899 በሐምሌ ወር ከቺካጎ አጠገብ በምትገኘው በኦክ ፓርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ አደንንና ዓሣ ማጥመድን ያስተማረው እርሱ ነው። እናቱ የሙዚቃና የዘፈን አስተማሪ ነበረች። ከስድስት ልጆች ሁለተኛው ሲሆን፣ ያደገው ሃይማኖትና ሥርዓት አጥብቆ በሚጠበቅበት ቤት ነው።

በ1917 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን ትቶ «ካንሳስ ሲቲ ስታር» በተባለው ጋዜጣ ሥራ ያዘ። በዚያ የቆየው ሰባት ወር ያህል ብቻ ቢሆንም የጽሕፈት ትምህርት ቤቱ ያ ጋዜጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋዜጣው ለሠራተኞቹ የሚሰጠው የአጻጻፍ ደንብ ነበረው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር እንዲሆን፣ ቃሉ ጉልበት እንዲኖረው፣ ትርፍ ቅጽል እንዳይገባ ያዛል። ወጣቱ ይህን ደንብ እስከ ሞቱ አልተወውም። በደብዳቤና በማስታወሻ ብዛት ለሚደክሙት ወጣት ሹማምንት ይህ ደንብ ዛሬም ቢሆን የሚንቁት አይደለም።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ ሄሚንግዌይ መዝመት ፈለገ፤ ነገር ግን የአንድ ዓይኑ ድካም ስለ ከለከለው በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ነጂ ሆኖ በ1918 ወደ ኢጣልያ ሄደ። ሚላኖ እንደ ደረሰ የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ አንድ የጥይት ፋብሪካ በፈነዳበት ስፍራ የሙታንን አካል መሰብሰብ ነበር። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በፒያቬ ወንዝ ዳር ፎሳልታ በተባለው መንደር አጠገብ በምሽግ ላሉት ወታደሮች ቸኮላታና ሲጋራ ያድል ጀመር። ሐምሌ 8 ቀን 1918 ሌሊት የኦስትሪያ ሞርታር በአጠገቡ ወደቀ። እግሮቹ ከሁለት መቶ በላይ በሆነ ፍንጣሪ ተበሳሱ። 19 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የኢጣልያ መንግሥት የብር ሜዳይ ሲሰጠው፣ ራሱ ቆስሎ ሳለ ከእርሱ የባሰ የቆሰሉትን እንደረዳ መስክሮለታል።

ስለዚህ አንባቢ በመጀመሪያ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ከጦር የሚኮበልለውን ሰው ታሪክ የጻፈው ሰው ራሱ አልኮበለለም።

አግነስ

በሚላኖ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት ሲታከም አግነስ ፎን ኩሮቭስኪ የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ታስታምመው ነበር። በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። ወጣቱ አጥብቆ ወደዳት፤ እንደሚጋቡም ተስፋ አድርጎ በ1919 መጀመሪያ ወደ አገሩ ተመለሰ። በመጋቢት ወር ግን ደብዳቤ ደረሰው። አግነስ ለእርሱ የነበራት ስሜት የእናት እንጂ የሚስት እንዳልሆነ፣ አንድ ኢጣልያዊ መኮንንም ልታገባ እንዳሰበች የሚገልጽ ነበር። ያ ጋብቻም ሳይፈጸም ቀረ። ሄሚንግዌይ ታሞ እስኪተኛ ድረስ አዘነ።

አንባብያን ካተሪን አግነስ ናት ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አግነስ ትታው ሄደች፤ ካተሪን ግን እስከ ሞት አልተለየችም። አግነስ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስትጠየቅ ከካተሪን ጋር አንድ ተደርጋ መታየቷን አልወደደችውም። በመጽሐፉ ውስጥ ከአግነስ የተወሰደው ሐኪም ቤቱ፣ የሌሊት ተረኝነቱና የወጣቱ ናፍቆት ነው። የቀረው ከሌላ የሕይወቱ ክፍል መጣ።

ዝናቡና ሽሽቱ

ሄሚንግዌይ በ1921 ሐድሊ ሪቻርድሰንን አግብቶ «ቶሮንቶ ስታር» ለተባለው የካናዳ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1922 መከር ላይ የግሪክ ጦር በቱርኮች በተሸነፈ ጊዜ ወሬውን ለማቀበል ወደዚያው ተላከ። በአድርያኖፕል መንገድ ላይ የምሥራቅ ትራስ ክርስቲያኖች ከብታቸውን፣ አልጋቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን በጋሪ ጭነው በዝናብ ውስጥ ሲሰደዱ አየ። ያ ሰልፍ መጨረሻ አልነበረውም።

የካፖሬቶ ሽሽት የሆነው ጥቅምት 24 ቀን 1917 ከተከፈተው የኦስትሪያና የጀርመን ማጥቃት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሄሚንግዌይ በካንሳስ ሲቲ ጋዜጠኛ ነበር፤ ካፖሬቶን ከቶ አላየም። ሆኖም ሽሽቱን እንዲህ አድርጎ በመጻፉ አንባብያን በስፍራው የነበረ መሰላቸው። ማይክል ሬይኖልድስ የተባለው ተመራማሪ በ1976 ባሳተመው ጥናት ደራሲው ከታሪክ መጻሕፍት፣ ከካርታና ከጋዜጣ ምን ያህል እንደ ለቀመ አሳይቷል። ጭቃውንና ዝናቡን ከትራስ፣ መንገዱንና ወንዙን ከካርታ፣ ቁስሉን ከራሱ እግር ወሰደ። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው እውነትን የሚሰበስበው እንደ ንብ ከብዙ አበባ ነው።

መጽሐፉን መጻፍ የጀመረው በ1928 በመጋቢት ወር በፓሪስ ነው። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ጋብቻው ፈርሶ ፓውሊን ፋይፈርን አግብቶ ነበር። ረቂቁን እየጻፈ ሳለ ፓውሊን በካንሳስ ሲቲ ብዙ ሰዓት ካማጠች በኋላ በኦፕራሲዮን ወለደች፤ ሰኔ 28 ቀን 1928 የተወለደው ልጅ ፓትሪክ ይባላል። እናትና ልጅ ተረፉ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሁለቱም ሞቱ። የሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባል ፍርሃት ምን እንደሚመስል ደራሲው ከሌላ ሰው አልሰማም።

ረቂቁን በነሐሴ መጨረሻ በዋዮሚንግ ጨረሰ። እያረመው ሳለ ታኅሣሥ 6 ቀን 1928 አባቱ ሐኪሙ ሄሚንግዌይ በገዛ እጁ ሞተ። መጽሐፉ የተጠናቀቀው በዚህ ኀዘን ውስጥ ነው። ይህን ያወቀ ሰው የመጽሐፉን መጨረሻ ስለ ምን እንዲህ አጨለመው ብሎ ለመጠየቅ አይቸኩልም።

የነውር ክስ

ልብ ወለዱ በመጽሐፍ መልክ ከመውጣቱ በፊት «ስክሪብነርስ» በተባለው መጽሔት ላይ ከግንቦት እስከ ጥቅምት 1929 በተከታታይ ታተመ። ለዚህም ደራሲው 16,000 ዶላር ተከፈለው። አዘጋጆቹ አንባቢን እንዳያስቀይሙ ፈርተው የወታደሮቹን ስድብ በሰረዝ ተኩት። ይህም አላዳናቸውም፤ የቦስተን ፖሊስ አዛዥ የሰኔውን ዕትም በከተማዋ እንዳይሸጥ ከለከለ።

መጽሐፉ መስከረም 27 ቀን በ31,000 ያህል ቅጂ ሲወጣ ወዲያው ተፈላጊ ሆነ። ሮበርት ሄሪክ የተባለው አንጋፋ ደራሲና ሐያሲ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአንድ መጽሔት ላይ መጽሐፉን ቆሻሻ ነው ብሎ ወቀሰው፤ ስለ ጦርነቱ የጻፈውን ጀርመናዊውን ሬማርክን ግን አመሰገነ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ወታደር በምሽግ ውስጥ የሚናገረውን የማያሰማ የጦርነት መጽሐፍ ሐሰት ነው አሉ።

በዚህ ክርክር ዘመኑ ራሱ ፈርዷል። በዛሬው አንባቢ ዓይን በመጽሐፉ ውስጥ ነውር የሚባለው ቃል ሳይሆን፣ ሰዎች ያለ ፍርድ የሚረሸኑበት የድልድዩ ክፍል ነው። ፖሊሱ የከለከለው የመጀመሪያውን ሲሆን ስለ ሁለተኛው ምንም አላለም።

የፈሪነት ክስ

ሁለተኛው ክስ ከበድ ይላል፤ ለእኛም አገር አንባቢ ይቀርባል። ጀግና በሚወደስበት፣ ከጦር ሜዳ የሸሸ ሰው በፉከራና በለቅሶ ላይ ሳይቀር በሚነቀፍበት አገር ላደገ ሰው ጓዶቹን ትቶ ከሴት ጋር የሚሸሽ መኮንን እንዴት ባለታሪክ ሊሆን ይችላል? ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በሌላ ወገን የቆሙት ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። ሰው ታማኝ የሚሆነው ለምን ነው? ሊገድለው ለቆመው ሠራዊትም ነውን? ፍሬድሪክ የሸሸው ከጠላት ጥይት አይደለም፤ የገዛ ወገኖቹ በሐሰት ሊረሽኑት ሲሉ ነው።

ሁለቱም ወገኖች ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ፍሬድሪክ ራሱ ከመያዙ በፊት በሽሽቱ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ሁለት ወታደሮች እንዲረዱት አዘዛቸው። እምቢ ብለው ሲሄዱ ተኩሶ አንዱን አቆሰለው፤ ከነጂዎቹም አንዱ ቁስለኛውን ጨረሰው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍሬድሪክ በድልድዩ ላይ በዚያው ክስ ቆመ። ትናንት ኮብላይን የተኮሰ ሰው ዛሬ ራሱ ኮብላይ ሆነ። ደራሲው ይህን ጽፎ ምንም አስተያየት አልጨመረበትም፤ አመዛዝኖ መፍረዱን ለአንባቢው ትቶታል። መጽሐፉን ኩብለላን ያወድሳል የሚለውም፣ ኮብላዩን ቅዱስ ያደርገዋል የሚለውም ይህን ገጽ ደግሞ ቢያነብ መልካም ነው።

ከአንባብያን ሁሉ የበለጠ የተቆጡት የፋሺስት ኢጣልያ ሹማምንት ነበሩ። ካፖሬቶ ሊወራ የማይገባው ውርደት ነበርና የሙሶሊኒ መንግሥት መጽሐፉን አገደው። ለቁጣው ሌላም ምክንያት ነበረ። ሄሚንግዌይ ገና በ1923 መጀመሪያ በካናዳው ጋዜጣ ላይ ሙሶሊኒን በአውሮፓ ተወዳዳሪ የሌለው አስመሳይ አድርጎ ጽፎት ነበር። በጀርመንም በ1933 ናዚዎች መጻሕፍት ሲያቃጥሉ የሄሚንግዌይ ሥራዎች ከሚቃጠሉት ውስጥ ገቡ። በ1943 በቱሪን ፈርናንዳ ፒቫኖ የምትባል ወጣት ተርጓሚ ለዚህ መጽሐፍ ትርጉም የተፈረመ ውል ስለ ተገኘ ታሰረች። ትርጉሟ የታተመው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1949 ነው። አንድን ልብ ወለድ ለመተርጎም ስትል ለእስራት የተዳረገችውን ይህችን ሴት ከአንባብያን ተራ ስናስባት፣ የእኛ ክርክር በሻይ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ይመስላል።

በካፖሬቶ ግንባሩ ከተሰበረባቸው ክፍሎች አንዱን፣ 27ኛውን ኮር፣ ያዝዝ የነበረው ጄኔራል ፒየትሮ ባዶልዮ እንደ ነበረም ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህ ሰው 18 ዓመት ያህል ቆይቶ በኢትዮጵያ ላይ የተላከው ወራሪ ጦር አዛዥ ሆነ። በመርዝ ጋዝ እየታገዘ በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በሄሚንግዌይ መጽሐፍ ውስጥ የራሱን መኮንኖች በድልድይ ላይ የሚረሽነው ሠራዊት፣ ለእኛ አያቶችና አባቶች እንግዳ አልነበረም።

ሄሚንግዌይም ያን ወረራ በዝምታ አላለፈውም። በ1936 መጀመሪያ «ኤስኳየር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት ሲጽፍ፣ የድሀ ልጆች በእግረኛነት ተልከው ቁስለኛው ለአሞራ ሲቀር የሙሶሊኒ ልጆች ግን የሚመክታቸው የጠላት አውሮፕላን በሌለበት ሰማይ ላይ እንደሚበሩ ገልጦ ነቀፈ። ያዘነው ከሁሉ በፊት ለኢጣልያ ገበሬ ልጅ ነበር፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያዊው ሥቃይ የሚገባውን ያህል ስፍራ አላገኘም ብሎ መውቀስ ይቻላል። የጦርነቱን አዛዦች ግን አልማራቸውም።

የካተሪን ነገር

ሦስተኛው ክርክር በሴቶች አንባብያን ዘንድ የበረታ ነው። ካተሪን ፍቅረኛዋ የሚፈልገውን ብቻ የምትፈልግ፣ የራሷ ፈቃድ የሌላት፣ እንዲያውም ከእርሱ የተለየች ሰው መሆኗ እንዲቀር የምትመኝ ሆና ትታያለች። ይህን የተቸው የመጀመሪያው ሰው የደራሲው ወዳጅ ስኮት ፊትዝጀራልድ ነበር። በ1929 ረቂቁን አንብቦ በብዙ ገጽ አስተያየት ሲሰጠው፣ ሄሚንግዌይ በቀደሙት አጫጭር ታሪኮቹ ሴቶችን ከልቡ ያዳምጥ እንደ ነበረ፣ በካተሪን ላይ ግን የሚያዳምጠው ራሱን ብቻ እንደ ሆነ አመለከተው። ሄሚንግዌይ ከምክሩ ጥቂቱን ተቀበለ፤ ለሰጪው ግን በወረቀቱ ጫፍ ላይ የጻፈው መልስ ስድብ ነበር።

በ1978 ጁዲት ፌተርሊ የተባለች አሜሪካዊት ሐያሲ ክሱን አጠነከረችው። ከመጽሐፉ ኀዘን በታች በሴቲቱ ላይ ያደረ ቂም አለ፤ መልካም የምትባለው ሴት የሞተችው ሴት ናት የሚል መልእክት ተሰውሮበታል አለች። በ1980ዎቹ ዓመታት ሌሎች ሴት ምሁራን ተነሥተው ተቃወሟት። እነርሱ እንደሚሉት በመጽሐፉ ውስጥ ጠንካራዋ ካተሪን ናት። እጮኛዋን በጦርነት የቀበረች፣ የጦርነትን ከንቱነት ከወንዱ ቀድማ የተረዳች፣ ፍቅርን ዓይኗን ገልጣ እንደ መድኃኒት የመረጠች፣ ሞትን ያለ ልቅሶ የተቀበለች እርሷ ናት፤ ፍሬድሪክ ከእርሷ የሚማር ተማሪ ነው።

ይህ ጸሐፊ በዚህ ነጥብ ላይ ወደ ፊትዝጀራልድ ያዘነብላል። የካተሪንን ድፍረት የሚያሳዩት ገጾች እውነት ናቸው፤ በፍቅር ንግግሯ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በደብዳቤ የተተወው የ19 ዓመት ልጅ ምኞት ነው። ሄሚንግዌይ በሕይወቱ የሄደችበትን ሴት በመጽሐፉ ውስጥ እንዳትሄድ አድርጎ ጻፋት። እንድትቆይለት ያወቀው ዘዴ ደግሞ ፈቃዷን መውሰድ ነበር። ይህ የመጽሐፉ ድካም ነው። ድካሙን አይቶ መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ መጣል ግን ዛፉን በአንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ምክንያት እንደ መቁረጥ ይሆናል።

የመጨረሻው ገጽ

አራተኛው ክርክር ስለ መጨረሻው ነው። ከጦርነት ያመለጡ ሁለት ወጣቶች በሰላም አገር፣ በንጹሕ ሐኪም ቤት፣ ያለ ጠላት ይሸነፋሉ። ብዙ አንባቢ በዚህ ይቆጣል። ደራሲውም ቢሆን ይህን መጨረሻ በቀላሉ አላገኘውም። ራሱ 39 ጊዜ ያህል እንደ ጻፈው ተናግሯል፤ በ2012 በአሜሪካ የታተመው ዕትም ከደራሲው ወረቀቶች የተሰበሰቡ 47 ልዩ ልዩ መጨረሻዎች ይዟል። በአንዱ ሕፃኑ ይኖራል፤ በሌላው ደራሲው ስለ ሃይማኖት ያወራል፤ በሌላው የቀሩት ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ይተርካል። በመጨረሻ የመረጠው አጭሩንና ዝም የሚለውን ነው።

ሲኒማ ሠሪዎችም ከአንባብያን ጋር ተከፋፈሉ። በ1932 ጋሪ ኩፐርና ሄለን ሄይስ የተጫወቱበት ፊልም ሲወጣ ኩባንያው ካተሪን የምትሞትበትን አንድ መጨረሻና የምትድንበትን ሌላ መጨረሻ አዘጋጅቶ የሲኒማ ቤቶች ባለቤቶች እንዲመርጡ አደረገ። ሄሚንግዌይ በዚህ ፊልም አልተደሰተም።

እንደሚመስለን፣ ካተሪን ብትድን ኖሮ መጽሐፉ በእርግጥ ኩብለላን ያወደሰ ይሆን ነበር። ጦርነትን ትቶ በፍቅር ውስጥ መደበቅ ይቻላል፣ መዳኛውም ይህ ነው ባለ ነበር። ደራሲው ይህን አላለም። ከጦርነት ሸሽቶ ማምለጥ ይቻል ይሆናል፤ ከሰው ልጅ ዕጣ ሸሽቶ ማምለጥ ግን አይቻልም ነው የሚለው።

ስንብቱ ያልሆነለት ሰው

ከዚህ በኋላ የሄሚንግዌይ ሕይወት ራሱ ሌላ ክርክር ነው። በ30 ዓመቱ ለጦር መሣሪያ ስንብት የጻፈው ሰው ከጦርነት መራቅ አልቻለም። በ1937ና በ1938 በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጋዜጠኛ ሆኖ ሪፐብሊካኑን ደገፈ፤ በ1940 «ደወሉ ለማን ይደወላል» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። በዚህኛው መጽሐፍ ውስጥ ባለታሪኩ አይሸሽም፤ ፍቅረኛውን አሰናብቶ ለተቀበለው ሥራ እግሩ ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ በ1929 የጠየቀውን ጥያቄ በ1940 በተቃራኒው መለሰ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ባለታሪኩ የሚያምንበት ነገር ማግኘቱ ነው።

በ1944 በፈረንሳይ የጦር ጋዜጠኛ ሳለ በራምቡዬ ከተማ ከሸማቂዎች ጋር መሣሪያ ይዘሃል፣ ደንብ ተላልፈሃል ተብሎ በአሜሪካ ጦር መርማሪ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፤ ነጻ ተባለ። የ«ስንብት ለጦር መሣሪያ» ደራሲ በመታጠቅ መከሰሱ ለሚያስብ ሰው የሚያስገርም ነው።

በ1952 «ሽማግሌውና ባሕሩ»ን አሳተመ፤ በ1953 የፑሊትዘርን፣ በ1954 የኖቤልን ሽልማት አገኘ። በዚያው በ1954 ጥር በኡጋንዳ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት የአውሮፕላን አደጋ ስለ ደረሰበት ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ሽልማቱን ለመቀበል አልቻለም። ከዚያ በኋላ ሰውነቱም አእምሮውም እየደከመ ሄደ። ሐምሌ 2 ቀን 1961 በአይዳሆ ክፍለ አገር በኬቸም ከተማ፣ 62 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እንደ አባቱ በገዛ እጁ ሞተ።

ፍርዱ

እንግዲህ አንባብያን ስለ ምን ተከፋፈሉ? መልሱ ከደራሲው ሕይወት ይገኛል ብለን እናምናለን። ሄሚንግዌይ ራሱ በሁለት የተከፈለ ሰው ነበር። ከፊሉ ሜዳይ የተሸለመው፣ ጥይት በሚጮኽበት ስፍራ ሁሉ የሚገኘው ሰው ነው። ከፊሉ በሌሊት በሞርታር የተመታው፣ የተታለለው፣ ስለ ክብርና ስለ ድል የሚነገሩትን ትላልቅ ቃላት መስማት ያስጠላው ልጅ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ሁለተኛው ሲሆን ሕይወቱን የኖረው የመጀመሪያው ነው። በመጽሐፉ ላይ የምንከራከረው ደራሲው ከራሱ ጋር የጀመረውን ክርክር ስላልጨረሰው ነው።

ይህ ለወጣት አንባቢ ትርጉም አለው። በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት መጽሐፍን ሁሉ ምን ያስተምራል ብሎ የመጠየቅ ልማድ አለን። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ትምህርቱን በመጨረሻው ገጽ አትሞ የማይሰጥ መጽሐፍም አለ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ አንባቢውን ዳኛ ያደርገዋል፤ ዳኛ ደግሞ ከመፍረዱ በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት አለበት። ፍሬድሪክን ፈሪ ነው የሚል ሰው በድልድዩ ላይ ማን እንደ ነበረ፣ ትእዛዙንም ማን እንደ ሰጠ ይጠይቅ። ጀግና ነው የሚል ሰው በጭቃው መንገድ ላይ ተመቶ የቀረውን ወታደር ያስታውስ። ካተሪንን የሚወድም የሚንቅም ሰው በዚያ ድምፅ ውስጥ የሴቲቱ ቃል የትኛው፣ የወንዱ ምኞት የትኛው እንደ ሆነ ይለይ።

አንድ ቀን ማናችንም ብንሆን ለሥራችን ያለብን ግዴታና ለምንወደው ሰው ያለብን ግዴታ በአንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ሊገናኙብን ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ሄሚንግዌይ ምን እንደምናደርግ አይነግረንም። ሁለቱም ምን ያህል እንደሚመዝኑ ግን ቀድሞ አሳይቶናል።